ጉድጓድ ያልተቆፈረለት መሸመኛ

ሰኞ
እነዚህ ወንዶች ሊያሳብዱኝ ነው! መንግሥት ለሸማኔ ማኅበራችን በብድር የሰጠንን አዲስ መሸመኛ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩበትን፣ ወለሉን ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ አወረዱት። ሊቀመንበሩ አያ ደሴ፣ «እኔ እግሬ ጉድጓድ ካልገባ እጄ እሺ አይለኝም» አሉ። ከአራቱ መሸመኛ ሦስቱን ቀበሩ። አራተኛው የባሌ ነው። ድሩን ወጥሮ፣ ሳይቀመጥበት ሞተ።

የባሌን ቦታ አያ ደሴ ማንኩሳ ላለ ዘመዳቸው ሊሰጡት ነው። እኔ ፈታይ ነኝ፤ መንግሥት በኮታ የሚያድለው ድር ለሸማኔ ብቻ ነው። በቡሬ ደግሞ ሴት ሸማኔ ማን አይቶ ያውቃል? ልጆቼን ምን ላብላ?

ማክሰኞ
ሐሙስ ከፍኖተ ሰላም የእደ ጥበብ ባለሙያ ይመጣል አሉ። መሸመኛዎቹ በወጉ ሲሠሩ ካላየ ለደምበጫ ማኅበር ይሰጣቸዋል፤ ድሩም ይቋረጥብናል። ወንዶቹ ተደናግጠው የቀበሩትን ሲያወጡ ዋሉ።

ለምሳ ሲወጡ በሩን ዘግቼ የባሌ አግዳሚ ላይ ወጣሁ። መወርወሪያው ወደቀ። ድሩ ተበጠሰ፣ ቀጠልሁት፣ ደግሞ ተበጠሰ። በመጨረሻ ትንሽ ጨርቅ ወጣልኝ። ጠማማ ነው። ቢሆንም ጨርቅ ነው!

ረቡዕ
አያ ደሴ ጨርቁን አዩት። እኔ ነኝ አልኋቸው።
«ሴት የሸመነችውን ማን ይገዛልናል?»
«እርስዎ ለቀበሩትስ ማን ድር ይሰጠናል?»
አፌን ምን ከፈተው! በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው። አፈርሁ። ደስም አለኝ፣ ለምን ልዋሽ። ዛሬም ለምሳ ሲወጡ ተቀመጥሁበት።

ሐሙስ
ባለሙያው መጣ። አያ ደሴ አግዳሚው ላይ ወጡ። እግራቸው የለመደውን ጉድጓድ ይፈልጋል፤ መርገጫውን ይስታል። ድሩ ተበጠሰ። ሌሎቹም ያው። ባለሙያው፣ «ጓዶች፣ ከዚህ ውስጥ በዚህ ዕቃ መሥራት የሚችል አለ?» አለ።

አያ ደሴ ቀና ብለው አዩኝና በአገጫቸው ወደ ባሌ ቦታ አመለከቱኝ። ተቀመጥሁ። ወረወርሁ፣ ረገጥሁ፣ ወረወርሁ። አልተበጠሰም።

«እሷ ደግሞ ማን ናት?» አለ ባለሙያው።
አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሸማኔያችን ናት» አሉ።

መሸመኛዎቹ ቀሩልን፤ ድሩም ይመጣል። እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኝ ቤት ውስጥ እንጎራደዳለሁ። በመንግሥት ሰው ፊት የወጣ ቃል ነው፤ ነገ አያጥፉትም። ያጥፉት ይሆን እንዴ?