በአራት ደቂቃ ስለ ዳንን ሃያ ሦስት ወላጆች

ለተከበሩ የከተማችን የቤተሰብ ደህንነት ክትትል ክፍል ኃላፊ፣
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ለዳሰሳ ቡድንዎ አባላትና ለፎቶ አንሺው ጭምር የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ስለ እኛ ጤና ግን አይጨነቁ፤ ባወጡት ሪፖርት ራስዎ እንዳረጋገጡልን እኛ አንዳች የጎደለን ነገር የለም።

ትርፊት ገብርኤል እባላለሁ፤ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ልጄ ኪያ ሰባት ዓመቷ ነው። ቆማ የሄደችው በአራት ዓመቷ ሲሆን እስካሁን የምትናገራቸው ቃላት ስድስት ናቸው። እንደ እርሷ እድገታቸው የዘገየ ልጆችን የምናሳድግ ወላጆች በየሐሙሱ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በጤና ጣቢያው የጓሮ ክፍል እየተሰበሰብን፣ ነርሷ ሲስተር ፍሬሕይወት ባሉበት የልባችንን እንነጋገር ነበር። እርስዎ ያንን ክፍል ዘግተውብናል። ስለዚሁ ጉዳይ በግል የጻፍኩልዎት ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት በክብር ተኝተው እንደሚገኙ ስለ ተነገረኝ፣ እነርሱን ከመቀስቀስ ይህን አራተኛውን በአደባባይ መጻፍ መርጫለሁ።

አንደኛ፤ ጉብኝትዎን በሚመለከት። በመጋቢት ወር አንድ ሐሙስ ከረዳቶችዎና ከፎቶ አንሺ ጋር ክፍላችን ድረስ መጥተው ስለ ጎበኙን ከልብ እናመሰግናለን። ሲገቡ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሃያ ሦስት ወላጆች በሙሉ ከመቀመጫችን ተነሣን። እርስዎም በሩ ላይ እንደ ቆሙ እንደምን እንዳለንና የሚያስጨንቀን ነገር እንዳለ ጠየቁን፤ እኛም በአንድ ድምፅ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን አልን። ከመካከላችን ብቸኛው አባት የሆኑት አቶ አሕመዲን አልሐምዱሊላህ አሉ። ከሆመቾ ልጇን አዝላ የምትመጣው ካሳነሽ እርስዎ ከመግባትዎ አምስት ደቂቃ በፊት ስታለቅስ ስለ ነበረ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተመስገን አለች። ረዳትዎ ጻፈ፣ ፎቶ አንሺው አነሣ፣ እርስዎም ሄዱ። በእጄ ሰዓት አራት ደቂቃ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በተደረገው የመስክ ዳሰሳ ወላጆቹ በሙሉ የሚያስጨንቃቸው ነገር እንደሌለ ስለ ተረጋገጠ ፕሮግራሙ ዓላማውን አሳክቶ መጠናቀቁን አነበብን።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። በሰው ፊት ቆሞ ለጠየቀው የተከበረ ሰው ደህና አይደለሁም ብሎ የሚመልስ በሆሳዕና ቀርቶ በዱራሜም ሆነ በሺንሺቾ አጋጥሞዎት ያውቃል? ባለፈው ዓመት እጅዎ ተሰብሮ፣ በጄሶ ተጠቅልሎ አንገትዎ ላይ እንደ ታሰረ ከቅዳሴ ሲወጡ እንዴት ነዎት ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ደህና ነኝ፣ ተመስገን አሉኝ። እኔም መልስዎን ይዤ ሄጄ ጄሶው ይፈታ ብዬ ለሐኪምዎ አልጻፍኩም።

ሁለተኛ፤ ክፍላችንን በሚመለከት። የስብሰባ አዳራሹ ትርፍ ወንበሮች ማከማቻ ሆኗል። ወንበሮቹ ከዝናብ በመዳናቸው ደስ ብሎናል።

ሦስተኛ፤ በዚያ ክፍል ምን እንሠራ እንደ ነበር ከቢሮዎ የጠየቀን ስለሌለ ሳልጠየቅ ልናገር። በቤቴ ዘመድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ወይ የማን እርግማን እንደሆነ ይመረምራል፣ ወይ ጸሎት እንዳላጓደልኩ ያጣራል፣ ወይ ደግሞ በርቺ ብሎኝ ይሄዳል። በርቺ ሲሉኝ ሰባት ዓመት ሞላኝ። በዚያ ክፍል ግን ደክሞኛል ማለት ይቻል ነበር። ሦስት ሳምንት አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተቀመጥኩ፤ በአራተኛው ሐሙስ፣ አንድ ቀን ጠዋት ኪያ ከእንቅልፏ ባትነሣ ብዬ ተመኝቼ እንደ ነበር ተናገርኩ። ልጄን እወዳታለሁ፤ ያንንም ተመኝቻለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ማንም አላማተበብኝም፣ ማንም ተነሥቶ አልወጣም። ሲስተር ፍሬሕይወት ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። አቶ አሕመዲንም አንገታቸውን ደፍተው እርሳቸው ሁለት ጊዜ እንደዚያ አስበው እንደሚያውቁ ተናገሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ኪያንም ሳጥባት እዘፍንላታለሁ። እርስዎ ተጠናቀቀ ያሉት ፕሮግራም ይህ ነው።

አራተኛ፤ ካሳነሽን በሚመለከት። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት፤ ከስታለች። እንዴት ነሽ ስላት እንደ ልማዳችን ደህና ነኝ አለችኝ፤ እኔ ግን የዳሰሳ ሥልጠና ስላልወሰድኩ አላመንኳትም። እጇን ይዤ ብዙ ከቆምኩ በኋላ፣ ክፍሉ ከተዘጋ ወዲህ ከቤት መውጣት እንዳስጠላት፣ ልጇንም ሰው እንዳያይባት ጓዳ ዘግታበት እንደምትውል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ራሷን እንደምትፈራ ነገረችኝ። ያን ዕለት እቤቷ ድረስ ሸኝቻት አብሬያት አደርኩ። በነጋታውም እኅቷን ጠርተን ከእርሷ ጋር እንድትሰነብት አደረግን። ይህን የምጽፈው በንዴት ነው።

ስለዚህ በመጋቢት የሰጠነው ምስጋና ለፈጣሪ የተላከ ሆኖ ሳለ በስህተት እርስዎ ፋይል ውስጥ ስለ ገባ፣ እንዲመለስልን በትሕትና እጠይቃለሁ። እስኪመለስ ድረስም ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ በተለመደው ሰዓት ከነልጆቻችን በቢሮዎ ኮሪደር እንሰበሰባለን። ሲስተር ፍሬሕይወት ወደ ካርድ ክፍል ስለ ተዛወሩ የዕረፍት ፈቃድ ሞልተው ይመጣሉ። ኪያ በር መክፈትና መዝጋት እጅግ ትወዳለች፤ የእርስዎ ኮሪደር ደግሞ በር በበር እንደሆነ አይቻለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ ድንገት ደርሰንብዎት እንዳይደነግጡ ማሳወቄ ነው። ጥበቃው ቢመልሰን ደጅ እንቀመጣለን፣ ቢዘንብም ዣንጥላ ይዘናል። ካሳነሽን እኔው ራሴ ከሆመቾ ይዣት እመጣለሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት በጽሑፍ መግለጽ ስላቃተኝ ሐሙስ በስምንት ሰዓት በአካል ቀርቤ እጅ ለመንሳት የተዘጋጀሁ፣

ትርፊት ገብርኤል
የኪያ እናት

ማስታወሻ፦ ከቢሮዎ ሠራተኞች አንዷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች ከእኛ ጋር ስታለቅስ ኖራለች። በጎበኙን ዕለት ድምፅዎን ስትሰማ መጸዳጃ ቤት ገብታ ተደበቀች፤ ልጅ እንዳላት እንኳ አያውቁም። ስሟን አልነግርዎትም። የትኛዋ እንደሆነች ስለማያውቁ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሁሉንም በደግነት ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለዎትም።