የላክኸው ማሽንና የእናታችን መርፌ

ለወንድሜ ለጀማሉዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት ጋብ አለላችሁ ወይ? ሳፊያ ወገቧን ተሻላት? ልጃችሁ አብዱልባሲጥስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ሰላምታ የአላህ ሐቅ ስለሆነ አደረስኩ እንጂ ካንተ ጋር የምንሳሳቅበት ነገር የለንም። ስልኬን ዘጋህብኝ፤ በሰው ስልክ ብደውልም ድምፄን ስትሰማ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ይህን ወረቀት ነገ ወደ እናንተ ለሚበረው ለጎረቤታችን ለጣሀ ሰጥቼዋለሁ። ፊቱ ሳታነበው እንዳይሄድ አስምዬዋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። እናታችን ግን ደህና አይደለችም፤ ምክንያቱም አንተ ነህ።

ለምሠራበት ሆስፒታል የለገስከው ያ የደም መመርመሪያ ማሽን ገና ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሳለ ለምኜህ ነበር። የተገዛው ከተዘጋ ክሊኒክ ነው፣ የድሮ ሕመምተኞች ውጤት በሆዱ ይዟል፣ ማጥፊያውን የይለፍ ቃል ከሻጮቹ ተቀብለህ ላክልኝ፣ አለዚያ ከሆስፒታሉ ኮምፒውተር ጋር አላገናኘውም አልኩህ። አንተ ግን ምቀኛ አልከኝ። አምስት ዓመት የለፋሁበትን የባዮሜዲካል ምህንድስና “ገመድ መሰካት” እያልክ ስታላግጥ፣ ሳፊያም ከጎንህ ስትስቅ ሰምቻለሁ። ያም አልበቃህ ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ደውለህ እህቴ ፈሪ ስለሆነች ነው እንጂ ማሽኑ እንከን የለበትም አልከው። እሱም ለምረቃው ቸኩሎ፣ እኔ ለሥራ ኮምቦልቻ በወረድኩበት ቀን በሌላ ሰው አስሰካው።

በምረቃው እናታችን የለጋሹ እናት ተብላ አዲስ ሻሿን አስራ ከፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ደም ከእሷ ቀዱ። ማሽኑ ግን የእሷን ደም ገና ሳይመረምር፣ የእሷም ተራ ቁጥር አንድ ስለነበር፣ በዚያው ቁጥር ተቀምጦ የቆየውን የሌላ ሰው ውጤት ወደ እሷ ካርድ ላከው። ስኳሯ ልክ ነው ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ብከፍት፣ ውጤቱ ላይ የሰፈረው ቀን ሦስት ዓመት ያለፈው ነው። ገመዱን ነቀልኩት፤ ጭብጨባው ግን ከእናታችን ጆሮ አልወጣም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኢንሱሊኗን ትታለች። ጣቷን ወግቼ በትንሿ መለኪያ ስለካት ስኳሯ ከአራት መቶ በላይ ነው። “አብሽሪ ፊርደውስ ልጄ፣ የጀማል ማሽን ድነሻል ብሎኛል፤ ያንቺ ይቺ ሚጢጢ ነገር ምን ታውቃለች” አለችኝ። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ቢለምናት፣ ፊርደውስ አስጠንታው ነው አለች። እህቴ ትቀናብኛለች ብለህ የነገርካት አንተ ነህና ማንን ትመን? እግሯ ላይ ያለው ቁስል አልደርቅ ብሏል። ወላሂ ጀማል፣ ተናድጄብሃለሁ፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ።

ብር አልፈልግም። ሌላ ማሽንም እንዳትልክ። ዛሬውኑ ደውልላትና፣ እማ፣ የላክሁት ማሽን ተሳስቷል፣ ውጤቱ ያንቺ አይደለም፣ ፊርደውስ እውነቷን ነው፣ መርፌሽን ተወጊ በላት። ከኔ አትሰማም፣ ካንተ ትሰማለች። እዚህ ሰፈራችን ሆጤ ያጨበጨበልህ ሁሉ ይስቅብኛል ብለህ ፈርተህ ከሆነ፣ ይሳቅብህ።

ሳፊያን ብትስቅብኝም ሰላም በልልኝ። አብዱልባሲጥን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ አክስትህ ትናፍቅሃለች በለው። እናታችንም ሰላም ብላሃለች። ከሰላት በኋላ፣ እኔን እንዳዳነኝ አላህ እሱን ከክፉ ያድነው እያለች ዱዓ ታደርግልሃለች። ዱዓውን እስክትጨርስ ግን ጥሙ አላስችል እያላት ሁለት ጊዜ አቋርጣ ውኃ ትጠጣለች።

እህትህ ፊርደውስ
ደሴ፣ ሆጤ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.