የጋሼ ኮረብታ ግራ እግር

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

የካርቱን ፊልማችንን ስድስት ሴኮንድ ጨረስኩ ዛሬ። ሰባ ሁለት ሥዕል ማለት ነው። ግዙፉ ጋሼ ኮረብታ ወንዝ ዳር ደርሶ ጎንበስ ብሎ ውኃ ይጠጣል… ጀርባው ላይ ያሉት ቤቶች እንዳይወድቁ ቀስ ብሎ። በመጀመሪያው ፊልም የተሸከመው መንደር አሥራ አንድ ቤት ነበረው። በሁለተኛው ሃያ ሦስት ሆኗል። ደራሲው "ሕዝቡ ተዋልዷል" ብሎ ጻፈና ተገላገለ፤ ሃያ ሦስቱንም ቤት የምንስለው እኛ።

እንደ ልማዴ ተነስቼ ጠረጴዛዬ አጠገብ ያለው መስታወት ፊት እንደ ጋሼ ኮረብታ እያነከስኩ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ለመሳል መጀመሪያ በራስ ሰውነት መሞከር ግድ ነው። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ ባልዲዋን ይዛ ገባችና እግሬን ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሥራ ነው አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እግዜር ይማርሽ" ብላኝ ወጣች።

የማስታወቂያ ክፍሏ ልጅ ከእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወሬ ትሰበስባለች። ተመልካች የማያውቀው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ነገር። ድምፅ ሠሪው የጋሼ ኮረብታ ኮቴ እርጥብ አሸዋ የሞላ ጆንያ መሆኑን ነገራት። ቀለም ቀቢዋ የራሷን ድመት በየገበያው ትዕይንት ደብቃ እንደምትስላት ተናዘዘች። እኔ? አለኝ አንድ። ግን የሚወራ አይደለም። የጋሼ ኮረብታ አካሄድ የአባዬ ነው። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም፣ ለራሱ ለአባዬም። ምን ብዬ? አባዬ፣ ማነከስህን ለዓለም አሳየሁልህ ልበለው?

እህቴ ሁለቴ ደወለች። አላነሳሁም። ነገ እደውላለሁ።

ኅዳር 6

አልደወልኩም። እሷው መልእክት ላከች።

አባዬ መስከረም መጨረሻ ላይ ደረጃ ስቶ ወድቆ የቀኝ ዳሌውን ተሰበረ። ወር ሙሉ ሆስፒታል። አንዴ ብቅ አልኩ… ብርቱካን ይዤ፣ ለግማሽ ሰዓት። አሁን ቤት ከገባ አሥር ቀኑ ነው፤ ከወንበሩ ግን አልነሳ ብሏል። እግሩን የምታለማምደው ባለሙያ፣ እህቴ ወታደሯ የምትላት፣ ዛሬ ቁርጡን ተናግራለች። እስከ ወሩ መጨረሻ መራመድ ካልጀመረ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ከዚያ በኋላ ያው ወንበር ነው፣ እስከ መጨረሻው። አባዬ ምን አለ? "ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሬ ፖስታ አድያለሁ፤ የድርሻዬን ሄጃለሁ።"

ቅዳሜ እሄዳለሁ። የግድ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። ዳይሬክተሩ የወንዙን ትዕይንት "አንዴ ብቻ" ድገሚው አለኝ። አምስቴ ደገምኩት። ሰውየውን "አንዴ ብቻ" ብለን የምንጠራው በከንቱ አይደለም።

እህቴ ዛሬ አልደወለችም። ይሄ ደግሞ ከመደወሏ ባሰብኝ።

ኅዳር 11

ጉድ ፈላ።

እትዬ ወንፊት ከእረፍቷ ተመለሰች። ሥራዋ የሁላችንንም ሥዕል ከመጀመሪያው ፊልም ጋር ማስተያየት ነው። አንድ ቁልፍ ቢጎድል፣ አንድ ጥርስ ቢተርፍ ከእሷ አያልፍም። ጠዋት ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ከፍታ ሻይዋን እየጠጣች አየች። ከዚያ በዚያ ቀስ ባለ ድምጿ፦

"ልጆች፣ ጋሼ ኮረብታ እግር የቀየረው መቼ ነው?"

ቀና ብዬ አየሁ። በመጀመሪያው ፊልም ግራውን ያነክሳል። በሁለተኛው ቀኙን። ከመስከረም ጀምሮ የሳልኩት ሁሉ። አርባ አንድ ትዕይንት።

ኅዳር 12

ስብሰባ። ቀለም ቀቢዋ "ማን ያያል?" አለች፣ ልታድነኝ ብላ። ዳይሬክተሩ "አንዴ ብቻ" ደግሞ ሥዕሎቹን በኮምፒዩተር ገልብጠን ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ እናድርግ አለ። አይሆንም፤ መንደሩ ውስጥ ያለው የንፋስ ወፍጮ በቀኝ ትከሻው ላይ ነው፣ አብሮ ይገለበጣል። ከእግሩ በቀር ሁሉም ነገር ልክ ነው ማለት ነው። እንደገና እስለዋለሁ አልኩ። ስድስት ሳምንት ሰጡኝ።

እንዴት ሆነ? መስታወት ግራና ቀኝን እንደሚያምታታ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከመስታወት ስስል እየገለበጥኩ ነው የምስለው፣ እጄ ራሱ ለምዶታል። ታዲያ ይሄኛውን ለምን አልገለበጥኩም?

ለመጀመሪያው ፊልም መስታወት አልተጠቀምኩም። ያኔ አባዬ ቤት ነበር የምኖረው። ከመስኮት ሆኜ፣ እሱ ወደ በሩ ሲሄድና ሲመለስ እያየሁ ነው የሳልኩት። ለሁለተኛው ግን ራሴን አየሁ።

አሁን ራሴን ጠየቅሁ፦ የአባዬ የትኛው እግሩ ነው? መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። እውነቱን ለመጻፍ… ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። በተዋሰው ብስክሌት ላይ ሆኖ ውሻ አባሮት የወደቀበት ቀን፣ ጄሶው፣ ጄሶው ላይ አበባ የሳልኩበት… ግራ። ግራ ነው። አፈርኩ። ከአርባ አንዱ ትዕይንት ይልቅ በዚህ አፈርኩ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ። እህቴ እንዳለችው አዲሱ ፖስተኛ ሲያልፍ ይጠብቀዋል፤ ሲሮጥ ካየው ይበሳጫል። ከስቷል አባዬ። እንዲህ መክሳቱን ማንም አልነገረኝም… ማን ይንገረኝ፣ ስልክ አላነሳ።

"ጠፋሽ" አለኝ።

በሆዴ የያዝኩት ተንኮል ነበር። በዘዴ ላስነሳው፣ አካሄዱን ሰርቄ ልሄድ። ፊቱን ሳየው አልሆነልኝም። ሥዕሎቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጋሼ ኮረብታ አንተ ነህ አልኩት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንተ ነህ፤ አሁን ደግሞ እግሩን አሳሳትኩት፤ ላይህ ነው የመጣሁት። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው። ያንን የሚያነበንብ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አድራሻ እንደሚያነብ ሁሉ።

"ቀኙን እኮ ነው የሚያነክሰው።"

"አዎ።"

"ቀኜ ምን በደለሽ?"

እህቴ ከወጥ ቤት ስትስቅ ሰማኋት።

"አባዬ… አንተ መሆንህን ታውቅ ነበር እንዴ?"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች። አካሄዴን አላውቀውም? ያንን ፊልም ሦስቴ አይቼዋለሁ። እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር።"

ፊልሙ ከወጣ አምስት ዓመት። አምስት ዓመት ሙሉ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ይከፋዋል ብዬ… ለካ ዝም በማለቴ ነው የከፋው።

ከዚያ በሁለት ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ እየሄደ ያሳየኝ ጀመር። ግራዋ ጣት አትታጠፍም፣ ወደ ውጭ ዞር ብላ ነው የምታርፈው። ሥዕሉን አየ፣ ጣቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ አይደለም አለ። ትከሻዬ የት ገባ አለ። ደገመው። ተናደደ። በመጨረሻ ብርድ ልብሱን ወረወረና እህቴን ጠራት፣ ያንን ባለ አራት እግር መደገፊያ ብረት አምጪው ብሎ። ከሆስፒታል ጀምሮ ሊነካው እምቢ ያለውን።

ተነሳ። በአንድ ወገን እህቴ፣ በሌላው እኔ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። "ዞር በይ፣ እንዴት ታዪኛለሽ ተለጥፈሽብኝ?" አለኝ። ዞር አልኩ። አራት እርምጃ ሄደ፣ እስከ በሩ መቃን። አንድም አልሳልኩም፣ እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ።

ግራውን ከማንሳቱ በፊት ትንሽ ቆም ይላል። ያቺን ቆምታ ነው በመጀመሪያው ፊልም ልጆች የወደዷት፤ ግዙፉ ሰውዬ የሚያስብ ይመስላል። ምን እያሰብክ ነው እዚያ ጋ ስትቆም አልኩት።

"ምን አስባለሁ? ያመኛል።"

ኅዳር 16

ሐሳብ ብዬ የሳልኩት ሕመም ነበር። ሕይወቴን ሙሉ እያየሁት። እስቲ አሁን ይሄ ዓይን ነው?

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ እርምጃ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ተረከዙን እስላለሁ። ወታደሯም ነበረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምኜው እምቢ ያለኝን እንዴት አስነሳሽው አለችኝ። ተሳስቼ ነው አልኳት። የቀለድኩ መሰላት።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

እስከ ውጭው በር ደርሶ ተመለሰ። ፖስተኛው ሲያልፍ ጠብቆ ያዘውና ስለ ጫማ መከረው። ተረከዙ ሰፊ የሆነ፣ ክሩ ድርብ። ምስኪኑ ሰውዬ ቦርሳውን እንደተሸከመ ሩብ ሰዓት ቆመ።

አባዬ ሥዕሎቼን ማረም ጀምሯል። የእትዬ ወንፊት ወንድም ነው የሚመስለው። ይሄኛው አርጅቷል ይለኛል፣ ይሄኛው ሰክሯል፣ ይሄኛው ፖስታ አድሎ አያውቅም። ትንሽ ጨዋታ ጀምሮ ደግሞ ይረሳኝና ይሄዳል… ወደ ወጥ ቤት፣ ማንም ሳይይዘው። እህቴና እኔ ተያየን።

ታኅሣሥ 9

ዳይሬክተሩ "አንዴ ብቻ" አዲሶቹን ትዕይንቶች አየ። ድገሚው አላለኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ምን አድርገሽበት ነው?" አለ። አመመው አልኩ።

ታኅሣሥ 24

ጊዜው አለቀ። አርባውን አስተካከልኩ። አንዷ ቀረች፣ የድልድዩ። ጋሼ ኮረብታ መንደሩን ከጀርባው አውርዶ ጉም በበዛበት ድልድይ ላይ ብቻውን የሚሻገርባት። ጉሙ በየሥዕሉ ላይ በእጅ ተቀብቷል፤ ብትነካ ወር ትፈጃለች። አራት ሴኮንድ። ዳይሬክተሩ "አንዴ ብቻ" ራሱ ትቅር አለ። እትዬ ወንፊት እንኳ ሻይዋን አስቀምጣ፣ በዚያ ጉም ውስጥ ማንም አያያትም አለች። ሆድ ይፍጀው ተባብለን ተማማልን።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

የማስታወቂያ ክፍሏ ልጅ ወሬሽን ካልሰጠሽኝ አለች፣ ከሁሉም የቀረሁት እኔ ነኝ። ጻፍኩና መጀመሪያ ለአባዬ አነበብኩለት፦ "የጋሼ ኮረብታ አካሄድ የአንድ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አካሄድ ነው። ግራውን ነው የሚያነክሰው።"

አሰበ… ወይስ አመመው?

"ጡረታ የወጣ የሚለውን አጥፊው" አለኝ።

አጠፋሁት።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ፊልሙ ታየ። አባዬ ከዘራ ይዞ፣ ጫማውን አስወልውሎ። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ በተሽከርካሪ ወንበር ላግባዎት ቢለው "ለማን?" አለው። ደረጃውን ራሱ ወጣ። በግራው እህቴ፣ በቀኙ እኔ።

ፊልሙን አላየሁም፣ እሱን ነው ያየሁት። ጋሼ ኮረብታ ሲራመድ ጉልበቱ ወንበሩ ላይ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቆም ሲል እሱም ትንፋሹን ይይዛል። አጠገባችን የነበረች ትንሽ ልጅ "ያመዋል እኮ" አለች ለእናቷ። አባዬ በጨለማው ውስጥ እጄን ጨበጥ አደረገኝ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ሲያልቅ እህቴ ወደ ሥራዋ ቸኮለች። እኔና እሱ በዋናው መንገድ ቀስ እያልን ወረድን።

"ድልድዩ ላይ ቀኙን ነው ያነከሰው።"

በጉሙ ውስጥ! እትዬ ወንፊት አታይም ያለችውን…

"አዎ አባዬ። እሷን ማስተካከል አልቻልንም።"

"መቼ ነው የሳልሻት?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "ጥቅምት" አልኩ።

"እኔ ሆስፒታል ሳለሁ።"

ከግራው በፊት ቆም አለ፣ ከዚያ አነሳው።

"አራት ሴኮንድ ብቻ ናት" አልኩት፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ።

"አራት ሴኮንድ ብቻ?" አለ። "እኔ ረጅም መስሎኝ።"

ክንዴን ያዘ። ታክሲ ልጥራ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እስከ ቤት በእግራችን ሄድን።