አራተኛው የዝቋላ ድንጋይ

ጥር 6
ሰቆጣ፣ እናቴ ቤት። የማስተርስ ጽሑፌን ሳርም ዋልኩ። ከዚሁ ከሰቆጣ አቅራቢያ ካለችው ዝቋላ የሰበሰብኳቸው አራት ድንጋዮች ውጭ አገር ናቸው፣ ዕድሜያቸው ሊለካ። ውጤቱ ዛሬ ነገ እየተባለ...

ጥር 9
መጣ። ሦስቱ ስድስት መቶ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ገደማ። እንደጠበቅሁት። አራተኛው ስምንት መቶ! ከአንድ ገደል ወጥተው እንዴት ይህን ያህል ይራራቃሉ? ዕድሜው የተለካባቸውን የዚርኮን ቅንጣቶች ፎቶ ደጋግሜ አየሁ፤ የተበላሸ የለም። ኬሚስትሪውም ለብቻው ነው። አንዱ የባሕር ወለል በሌላው ሥር ሲገባ የሚፈጠር ዓይነት። ሦስቱ ግን የየብስ ክፍሎች ተጋጭተው ከተጣበቁ በኋላ የመጡ ናቸው።

አማካሪዬ ዶክተር በእውቀቱ ደወሉ።
«ወይ ትልቅ ግኝት ነው፣ ወይ ስህተት። በእጅሽ ነው የሰበርሽው?»
«አዎ» አልኩ።

ጥር 10
አልሰበርኩትም።
አራተኛው የተሰበሰበበት ቀን ሙቀቱ ጣለኝ። መንገድ መሪዬ አያ ምሳው «አንቺ ከጥላው አትነሺ» ብለው መዶሻውን ይዘው ሄዱ። እኔ የላክኋቸውን ቦታ ካርታ አይቼ መዝገቡ ላይ ሞላሁ። «ራሴ የወሰድኩት» ብዬ። ለምን? ማን ይጠይቃል ብዬ?

ጥር 13
ዶክተሩ ጉባኤ ላይ ሊያቀርቡት ነው። የእኔ ስም ከላይ።
«ምን ሆነሻል?» አለች እናቴ።
«ምንም።»
ብናገር ምረቃው ቀረ። ዝም ብልስ...

ጥር 16
ዝቋላ። ከመኪና ወርጄ ሦስት ሰዓት በእግር። አያ ምሳው ማሽላ ሲወቁ ደረስኩ። ስለ ድንጋዩ ስጠይቃቸው ዱላቸውን አስቀመጡ።
«ያልሽኝ ቦታ አልሄድኩም። የጠበሉ ራስ ነው፤ እዚያ መዶሻ አላነሳም።»
«ታዲያ ከየት አመጡት?»
«ከላይኛው ሸለቆ። ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው ብዬ... አጠፋሁ እንዴ?»
«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጥር 17
ይዘውኝ ወጡ። የተሰበረበት አሁንም ያስታውቃል። ጥቁር ግራጫ ድንጋይ፣ ሮዝ ግራናይት መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ሰንጥቆ የገባ ታናሽ ነው። ግራጫው ታላቅ! ስምንት መቶው እውነት ሊሆን ይችላል። በእጄ አዲስ ናሙና ሰበርኩ።
«እንግዲህ ተገላገልሽ» አሉ አያ ምሳው።
አልተገላገልኩም። ቦታውን ብቻ ባርመውስ? ማን ያውቃል? ቁልቁለቱን ስወርድ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ጥር 20
ሰቆጣ። ለዶክተሩ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።
«ስጠይቅሽ አዎ ብለሽኝ ነበር።»
«ዋሽቼዎት ነው።»
«ከጉባኤው አወጣዋለሁ። አዲሱ ሳይለካ ዘንድሮ አትመረቂም።»
ለእናቴም ነገርኳት። ለምረቃው ያሰፋችውን ቀሚስ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ሰኔ 29
ጓደኞቼ ዛሬ ተመረቁ። ፎቶዎቻቸውን አየሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ ጻፍኩ። የአዲሱ ናሙና ውጤት ገና ነው። ስድስት መቶ ቢልስ? ላቦራቶሪው ተሳስቶ ቢሆንስ?
ከሰዓት ዶክተር በእውቀቱ ደወሉ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።
«ስንት የሚመጣ ይመስልሻል?»
«አላውቅም» አልኩ።
ለሳቸው እንዲህ ብዬ አላውቅም።