ያልተከልኩት እንዶድ

ሰኞ
ዛሬም በስንዝር ለካሁት። ጌሾዬ ሚያዝያ ላይ ከተከልኩት ወዲህ ያደገው አንድ ስንዝር! ከአጥሩ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለው ግን በቁመት በልጦኛል፤ ግንዱም ቀልቷል። ማዳበሪያ ለጌሾው፣ ውኃ ለጌሾው፤ ዕድገቱ ለዚያ! ያበሽቃል። ልቆርጠው ቢላ ይዤ ስወጣ የባለቤቴ እናት እማማ ጥሩዬ ያዙኝ። ከጎንደር እዚህ አሜሪካ ከመጡ ሁለት ወራቸው ነው።

"እንዶድ እኮ ነው! እንዳትነኪው፣ ነጠላዬን አጥብበታለሁ።"

እሺ አልኩ።

ማክሰኞ
ለእህቴ ለትዕግሥት የእንዶዱን ፎቶ ላክሁላት። አሌክሳንድሪያ ችግኝ መሸጫ ነው የምትሠራው። በምሳ ሰዓቷ ኮል አደረገችኝ። መሬት ውስጥ ክንድ የሚያክል ሥር አለው አለች። በብርዱ ላዩ ሲሞት ሥሩ ስንቁን ይዞ ይቆያል፤ ሲሞቅ ባጠራቀመው ይመዘዛል። ግንዱ ውኃ ነው፣ እንጨት ልሥራ ብሎ አይደክምም። ጌሾ ግን ሥሩንም እንጨቱንም ገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

"ያንቺ ጌሾ ቤት እየሠራ ነው። ያኛው ድንኳን ጥሎ ነው የሚሄደው።"

ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "የእንዶድ ዘመድ ነው እንጂ የኛው አይደለም። ፍሬው መርዝ ነው። ሶልያናን አደራ።"

ሶልያና ልጄ ናት፣ አራት ዓመቷ።

ረቡዕ
ለእማማ ነገርኳቸው።

"በእንዶድ ሳጥብ ያረጀሁትን ሴትዮ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"

ተቀየሙኝ፣ ራት አልበላም አሉ። ባለቤቴ "ተያቸው በቃ፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አለ። ተውኩ። ፍሬው መጥቆር ጀምሯል። ቅር ቅር እያለኝ ነው።

ዓርብ
ኢመርጀንሲ ነን።

ሶልያናን ለእማማ ትቼ ሥራ ሄጄ ነበር። እሳቸው ፍሬውን ለቅመው በሰፌድ አስጥተውታል፣ የባክያርዱ ደረጃ ላይ። ስመለስ የልጄ ከንፈር ሐምራዊ ሆኗል። ጣቶቿም።

"ስንት በላሽ?"

"አይ ዶንት ኖው፣ ማሚ። ግሬፕስ አይደለም?" ወይን መስሏታል።

አቅፌያት ወደ መኪናው ሮጥኩ። መኪና ውስጥ አስመለሳት፣ እዚህ ደርሰንም አስመለሳት። አሁን ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ዶክተሯ እንጠብቅ ከማለት በቀር ምንም አትለኝም። እማማ የሶልያናን እግር ይዘው "እኔን ያስቀድመኝ" ይላሉ።

እኔስ? መርዝ መሆኑን ከማክሰኞ ጀምሮ አውቄያለሁ። ቢላውም እጄ ላይ ነበር። ይሉኝታ ልጄን ሊበላብኝ!

ቅዳሜ
ተመስገን! ለቀቁን። ሶልያና ሾርባ ጠጣች፣ ካርቱን ክፈቱልኝ አለች። ባለቤቴ ያንን ነገር ከነሥሩ ሲቆፍር ዋለ።

ከሰዓት በኋላ እማማ ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ጎተቱ።

"ቲኬቴን ቀይሩልኝ ልጆቼ። ልሂድ።"

ሶልያና ቀሚሳቸውን ይዛ አለቀሰች። ባለቤቴ እኔን ነው የሚያየው። አይሂዱ፣ ጥፋቱ የሁላችንም ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ስልኬን አንስቼ የቲኬቱን ቀን መፈለግ ጀመርኩ።