ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ

«መምህር ሀያቱ ከመልስ ቁልፉ ውጭ፣ ‹ሁለት ጠለሎች የሚቆራረጡት በመስመር ነው› ያሉ አርባ አንድ ተማሪዎችን ትክክል ብለው በማረማቸው፣ ስህተታቸውን በክፍሉ ፊት እስኪያምኑ ድረስ ከማስተማር ታግደዋል።»

ጋሼ ኢብራር፣ ትምህርት ቤቱ የጻፈብኝን ይህን ቃል ከሰላምታ ማስቀደሜ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበቱ? የዓይንዎ ሞራ ተገፈፈልዎ ወይስ ዛሬም ቀጠሮ ላይ ነው? ወገብዎስ? እትዬ ጁወይሪያስ ደህና ናቸው?

እኛ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነን። ሃያ ስድስት ዓመት ከቆምኩበት ሰሌዳ ከተከለከልኩ ግን ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ጎረቤት እንዳይነቃብኝ በየጠዋቱ ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ጦር ኃይሎች ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ።

የመልስ ቁልፉን ያዘጋጁት እርስዎ መሆንዎን ርእሰ መምህሩ ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ በአንድ ቃል ያቃኑታል ብዬ ደወልኩ። እርስዎ ግን «የጥያቄውን ሥዕል አታይም? የተነካኩት በጫፋቸው ነው፤ ነጥብ ነው! ለአንድ ጥያቄ ብለህ በስተርጅና ስሜን ልታጎድፍ ነው?» ብለው ዘጉብኝ።

ሥዕሉንማ አየሁት። ጠለልን፣ ያን ዝርግ ገጽ፣ በአራት ማዕዘን የምንስለው ወረቀቱ ስለሚያልቅ ነው እንጂ ጠለልስ አያልቅም፤ ጫፍም ዳርም የለውም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቀራንዮ፣ አባታችን ቤት ጥግ አቁመው፣ ጣቴን ከጣሪያው በታች እስከ ወለሉ እያወረዱ «ይኸው፣ ሁለት ግድግዳ፣ አንድ መስመር» አሉኝ። ጣቴ ወለሉን ሲነካ ደግሞ «ነጥብ የሚሆነው ሦስተኛው ሲመጣ ነው» አሉ። ሰባት ዓመቴ ነበር። መምህር የሆንኩት እዚያ ጥግ ላይ ነው።

ሰኞ ሰኔ 2 ጉዳዬ በኮሚቴ ይታያል። ባለቤቴ ሃፊዛ «አንተ ሰውዬ፣ ነጥብ ነው በላቸውና እንጀራችንን እንብላ» ትለኛለች። ብቻዬን መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩት፤ አፌ እምቢ አለኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል? «ዓይኔ ደክሞ ነው» ቢሉ እርስዎን ማን ይወቅስዎታል? እኔን ግን ያ የዘጉብኝ ስልክ ገደለኝ።

እትዬ ጁወይሪያን እጅ እነሳለሁ። ኢርፋንን ከነባለቤቱ፣ ሃጂራንም ሰላም ይበሉልኝ። ሃፊዛ ጉልበትዎን ትስማለች።

ዓረፋን ቡታጅራ ሳልውል የቀረሁበት ዓመት የለም። ዘንድሮ ግን ካልጻፉልኝ በየትኛው ፊቴ ከማዕድዎ እቀርባለሁ? ሁለት ጠለሎች በምን እንደሚቆራረጡ በእጅዎ ጽፈው፣ ፈርመውበት፣ እስከ ሐሙስ ግንቦት 28 ቀን እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም።

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወንድምዎ ሀያቱ