መገንጠያው ላይ ያለው ሰማያዊ ችካል

ለወንድሜ ለናሲፍ፤

ሰላምታዬን ሳላስቀድም አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሰላምታውን አንብበህ ወረቀቱን እንዳታጥፈው ፈርቼ ነው። በቅዱስ ማሮን በዓል ማለዳ፣ ጉልበትህ በተሰበረበት ቀን፣ መገንጠያው ላይ የነበረውን የአባታችንን ቤት ችካል ነቅዬ አርባ እርምጃ ወደ ግራ የተከልኩት እኔ ነኝ። መንደሩ የወነጀለው ሻሂን አይደለም። እኔ ታናሽ ወንድምህ ታኑስ ነኝ።

አሁንም እያነበብክ ከሆነ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ዛልፋስ እንዴት ናት? የደም ግፊቷ በረደላት ወይስ አሁንም ጨው እየደበቃችሁባት ነው? ጉልበትህስ? የሳኦ ፓውሎ ሙቀት ይስማማዋል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ይህን ጥያቄ ሠላሳ ሦስት ዓመት በየደብዳቤው ስጠይቅህ እንዴት እንዳላፈርኩ አላውቅም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሳይዴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ እንጂ ሌላ የጎደለብኝ የለም። ለእሷም ሳልነግራት ነው የሄደችው።

ደብዳቤውን ልጅህ ሚላድም ያነበው ይሆናል፤ እሱ ተራራችንን ስለማያውቅ ትንሽ ላስረዳው። ልጄ፣ ከተራራው ጀርባ በኩል ወደ ገዳሙ የሚወርደው የመነኮሳቱ መንገድ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ እያንዳንዱ ቤት የራሱን የጥድ ችካል ወስዶ በቦታው ይተክላል፣ የራሱንም ጨርቅ ያስርበታል። የእኛ ሰማያዊ ነው፤ ቦታውም ክፉው መገንጠያ ላይ ነው፤ ከእሱ በግራ በኩል ገደል አለ። የሌላ ቤት ችካል አይነካም። በስኪ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድ ሰው ጉም ቢይዘው እንኳ ጨርቁን አይቶ ይተርፋል።

ናሲፍ፣ ልጎዳህ አስቤ አልነበረም። በበዓሉ የስኪ ውድድር አምስት ዓመት ሙሉ ስትቀድመኝ ቀናሁ። ሁለት ደቂቃ እንድትባዝን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ከዚያ ጉሙ ወረደ። እኔ ገዳሙ ደጃፍ ደርሼ ሲያጨበጭቡልኝ አንተ ገደሉ ሥር ተኝተህ ነበር። ሰዎች ሲጠይቁኝ «የሻሂንን ዱካ አይቻለሁ» አልኩ። በእርግጥም አይቼ ነበር፤ የቤቱን ችካል ሊተክል ወጥቶ ነበርና። በመስኖው ተራ ከአንተ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ቀሪውን ወሬ መንደሩ ራሱ ሠራው። አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ፤ እውነቱን ግን ግማሹን ውጬዋለሁ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። በረዶው ካየነው ሁሉ በልጧል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ጠፍቷል። ጠዋት ጠዋት ላዩ እንደ መስተዋት ነው፣ ስኪ አይዝም። ረፋዱ ላይ ግን ይለሰልሳል። ባለፈው ወር የበረሃው ነፋስ አቧራ አምጥቶ በደቡብ በኩል ያለውን ሁሉ ሽሮ አስመሰለው። የቆቅ ሸለቆን ታስታውሳለህ? እዚያ ፀሐይ ስለማይደርስ በረዶው አሁንም ዱቄት ነው፤ የቤይሩት ልጆች ግን አያውቁትም፣ እኔም አልነግራቸውም። በየማለዳው ወጥቼ አይና የትኛው መንገድ ደህና እንደሆነ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለችው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ እጽፋለሁ። ሰዉ ሰሌዳዋን ያምናታል። የከበደኝም እሱ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት መገንጠያው ላይ ስደርስ ሰማያዊው ችካል ከቦታው ተነቅሎ ወደ ቀኝ ተተክሎ አገኘሁት። ያን እንጨት ከዚያ ቀን ወዲህ ነክቼው አላውቅም ነበር፤ ወገቤን ያመኛል እያልኩ ስተወው በየዓመቱ የሚተክልልን የገዳሙ ሠራተኛ ይመስለኝ ነበር። ጨክኜ ወደ ጥንቱ ቦታ መለስኩት። በማግስቱ ተመልሶ ወደ ቀኝ ሄዷል። መለስኩት። ሄደ። ዱካውን አጠናሁ፤ ሰፊ የድሮ ስኪ ነው፣ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ቀኝ እግሩን የሚጎትት ደግሞ በመንደሩ አንድ ሻሂን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ያውቃል ማለት ነው፣ እያሾፈብኝ ነው፣ ሰው ገድሎ በእኔ ሊያሳብብ ነው እያልኩ ዳቦ ቤት ሲገባ ዓይኑን እሰልል ጀመር። «እንደምን አደርክ» ሲለኝ እንኳ ቃሉን አገላብጬ መረመርኩት። መቁጠሪያዬን ይዤ ስጸልይ ከጸሎቱ ይልቅ እሱን ነበር የማስበው። በመጨረሻም ወደ መንደሩ ሹም ወደ ፋሬስ ሄጄ ነገርኩት። ፋሬስ ጠረጴዛውን መታና «አጎቴ ታኑስ፣ ይህ ሰውዬ ድሮም ልማዱ ነው! የወንድምህ ጉልበት አልበቃውም? በቅበላ እሁድ በሕዝብ ፊት የቤቱን ችካል አስነቅላለሁ፣ ተራራውንም ዳግም አይረግጥም» አለኝ። ችካሉ የተነቀለ ቤት ከመንደር እንደወጣ ይቆጠራል፤ ታውቀዋለህ። እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ማለዳ ከጥዱ ጀርባ ተደብቄ ጠበቅኩት። መጣ። ተንበረከከና ረጅም ዘንግ በረዶው ውስጥ እየሰደደ ልክ እንደ ሐኪም ዳሰሰ። ከዚያ ችካሉን ነቀለ። ወጥቼ «ያዝኩህ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና እንኳ ሳይል «ቀስ በል፣ አንተ ሰውዬ፣ የቆምክበት ወለል አይደለም» አለኝ። ዘንጉን የእኔ ችካል በነበረበት ቀዳዳ ሰደደው፤ እስከ እጀታው ጠለቀ፣ ታች አልነካም። ነፋሱ በገደሉ አፍ ላይ የበረዶ ጣሪያ ሠርቶበታል። በየማለዳው ችካሉን የምመልሰው አየር ላይ ነበር ማለት ነው። ሰሌዳዬ ላይ ደግሞ «የመነኮሳቱ መንገድ ደህና ነው» እያልኩ እጽፍ ነበር።

ጨርቁን አየሁት፤ አዲስ ነው፣ ጠርዙ ተዘምዝሟል። ማን ሰፋው ብዬ ብጠይቀው «ባለቤቴ ወርዴ ናት እንጂ አንተ ትሰፋለህ?» አለኝና ሳቀ። «የሄደ ሰው ቤት ችካል ያለ ጨርቅ አይቆምም። ናሲፍ ቢጠላኝም በመንገዱ ሰው ያልፍበታል።» ሠላሳ ሦስት ዓመት የቤታችንን ችካል የተከለው እሱ ነው፣ ናሲፍ። ያኔ የነቀልኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። «ያን ማለዳ የአንተንም ዱካ አይቻለሁ። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ። ከዚያ ሰለቸኝ» አለና ችካሉ የሚቆምበትን ደህና ቦታ በዘንጉ አሳይቶኝ፣ ስኪውን አጥልቆ ወረደ።

የእሁዱን ከመጻፌ በፊት ሰላምታዬን ልጨርስ፤ ኋላ ብዕሩ እምቢ ይለኝ ይሆናል። ዛልፋን እጅ ነስቼ ሰላም እላለሁ። ሚላድን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ሚስቱንም፣ አዲስ የተወለደችውንም ሕፃን በስሜ ባርክልኝ። ልጄ ረፍቃ ከትሪፖሊ ሰላም ብላሃለች፤ ለእሷም ትናንት ነገርኳት፣ አለቀሰች እንጂ አልተቆጣችም። ወርዴ ደግሞ ጨርቁ ሰማያዊነቱ ልክ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች፤ አባታችን ያሰሩት ትንሽ ጠቆር ያለ ነበር ትላለች።

በቅበላ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ፋሬስ የሻሂንን ችካል የሚያስነቅልበትን ወረቀት ሲዘረጋ፣ ወጥቼ ከላይ የጻፍኩልህን ሁሉ፣ አርባውን እርምጃ ሳይቀር፣ ተናገርኩ። ፋሬስ ወረቀቱን አጠፈ። ወርዴ «ሠላሳ ሦስት ጊዜ በረዶ ወርዶ ቀለጠ፤ የአንተ ምላስ ገና አሁን መቅለጧ ነው?» አለችኝ። በማግስቱ ሰኞ የጾም መግቢያውን አመድ ግንባሬ ላይ ተቀብቼ ወጣሁ፤ ሰማያዊውን ችካል በገዛ እጄ ሻሂን ባሳየኝ ቦታ ተከልኩት፣ ወርጄም ሰሌዳዋን ጠርጌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የመነኮሳቱ መንገድ፦ እስከ ዛሬ የጻፍኩት ስህተት ነው። ሻሂን ካቆመው ምልክት ወደ ግራ አትለፉ። ታኑስ።»

ዓይን ዘርዙር፣ ሊባኖስ
ማርች 5 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.